ሃያ ዓመት የቆመ ጎማ

ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ ሲወጡ በስተግራ የምትታጠፍ ጠባብ መንገድ አለች። እዚያ መንገድ ውስጥ፣ በየወሩ በሃያ ሁለት ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ ሞተር ይነሣል። ለሩብ ሰዓት ያህል ይንደቀደቃል፤ ጭሱ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ይታያል፤ ከዚያ ጸጥ ይልና እስከሚቀጥለው ሃያ ሁለት ድረስ አይሰማም። የሠፈሩ ሰው ለምዶታል። አዲስ ተከራይ ሲገባ ብቻ ነው «ምንድን ነው እሱ?» የሚባለው። «የታዲዎስ አደራ ነው» ይሉታል። አለቀ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

የታዲዎስ አደራ አንዲት ትንሽ የሣር ማጨጃ ትራክተር ናት። ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም። አንድ መቀመጫ፣ አራት ጎማ፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ እየተሽከረከረ ሣር የሚያጭድ ቢላዋ አላት። ባለቤቷ ጎይቶም ነው። ጎይቶምና ታዲዎስ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሁለቱም ላጤ፣ ሁለቱም ጭምት፤ የሚለያቸው ታዲዎስ መዝገብ ቤት ሲሠራ ጎይቶም ውጭ ውጭውን መዋሉ ነው። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ጎይቶም ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ይቺን ትራክተር ገዛ። ከዚያ ወዲያ በካዛንቺስና በመስቀል ፍላወር መሀል ያሉ የሰፋፊ ግቢዎችን ሣር ማጨድ እንጀራው ሆነ። በአስፋልቱ ዳር፣ ታክሲው ሁሉ ክላክስ እየነፋበት፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲሄድ የሚያየው ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። «ጎይቶም ሣሩ» አሉት፤ እሱም ስሙን ወደደው።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ መጣ። በዚያው ክረምት ጎይቶም ወደ አስመራ ትሄዳለህ ተባለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው እየጠበቁት፣ ሻንጣውን ሊይዝ ወደ ግቢው ገባ። ልብሱን እንደነገሩ ጠቅጥቆ ሲወጣ የትራክተሯን ቁልፍ በታዲዎስ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ንዳት» አለው። «የደንበኞቼን ቤት ታውቃቸዋለህ። የአቶ አታክልቲን ግቢ በየሁለት ሳምንቱ ነው። እያጨድክ ብላባት።»

«እሺ፣ አሁን ስለሷ አታስብ።»

«ንዳት እንጂ ታዲ። እንዳታቆማት።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

በሩ ላይ ደርሶ እንደገና ዞረ። «ንዳት፣ እሺ?»

ሦስት ጊዜ ብሎታል። ታዲዎስ ሦስቱንም ሰምቷል። ግን ታዲዎስ ያደገው «ብላ» ሲባል ሦስት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ከሚባልበት ቤት ነው። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ሌላ ምን ሊል ነው? «እንዳትነካብኝ» ሊል ነው? ሰጪ የወጉን ይናገራል፤ ተቀባይ ደግሞ የወጉን ያደርጋል። ሳይወድ የሄደን ሰው ንብረት ነድቶ፣ አጭዶ፣ በልቶ፣ ነገ ሲመጣ በምን ዓይኑ ሊያየው ነው? ታዲዎስ የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ኡራኤል ሄደ። ከቅጥሩ በር ላይ ግንባሩን አስደግፎ ማለ፦ «አንድ ሜትር ሳልነዳት፣ ሞተሯም ሳይሞት፣ ለባለቤቷ አስረክባለሁ።»

ምሏል፤ አደረገውም። ከግቢው ጥግ ቆርቆሮ ቀጥሎ መጠለያ ሠራላት። ሸራ አለበሳት። በየወሩ በሃያ ሁለት ሞተሯን ያስነሣል፤ ከዚያ በሳሙና ያጥባታል፤ ከመቀመጫዋ እስከ ጎማዋ ውኃ እያፈሰሰ፣ እንደ ጥምቀት ልጅ ንጹሕ አድርጎ መልሶ ሸራውን ያለብሳታል። አይነዳትም። አንዴ በመስቀል ፍላወር በኩል ያለ የአንድ ሆቴል አትክልተኛ፣ ልዑልቃል የሚባል፣ ጭሱን አይቶ ገባና ለመነው። «አንተ ራስህ እየነዳህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እጨድልን» አለው። ጊዜው ታዲዎስ ከመሥሪያ ቤቱ የተቀነሰበት ጊዜ ነበር። ለገሃር፣ የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ጀምሯል፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ጦሙን ነው የሚገባው።

«የሰው ነው» አለው ታዲዎስ።

«ሰውየውስ የት ነው?»

«ይመጣል።»

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ወይኒ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድርቆሽ ላይ ታስሮ የሚራብ በሬ አንተን አየሁ» አሉት። ታዲዎስ በዚህ ነገር ለማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ባይናገረውም ግን ይኮራበት ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሹመት የለው፤ አንድ ነገር ግን አለው፤ አደራ ያልበላ ሰው ነው። ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ሲጠፋ፣ ጃንጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ያቺን የመመለሻ ቀን ያልማል። ጎይቶም በበሩ ይገባል፤ እሱ ሸራውን በአንድ ጊዜ ይገፈዋል፤ «ይኸውልህ፣ እንዳስቀመጥካት» ይላል። ይህቺን አንድ ቃል ለሃያ ዓመት ሲለማመዳት ኖረ።

በሁለት ሺህ አሥር ሐምሌ ላይ፣ የአስመራ ስልክ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ እሑድ የወይዘሮ ወይኒ ስልክ ጮኸ። አንሥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ለታዲዎስ አቀበሉት።

«ታዲ?»

ድምፁ ሸካራ ሆኗል፤ «ታዲ» የምትለዋ ግን ያቺው ናት። ታዲዎስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አለህ?» አለ ጎይቶም።

«አለሁ። አንተስ አለህ?»

«ጥርስ የለም እንጂ ሌላው አለ። ስማ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ። ለሚቀጥለው እሑድ ቲኬት ይዣለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የምቆየው።»

«እሑድ ሃያ ሁለት ነው።»

«አውቄ ነዋ የቆረጥኩት። ኡራኤል አይደል።» ቀጥሎ «ትራክተሯስ?» አለ።

«አለች።»

«ትሄዳለች?»

«ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው።»

«ሞተሯን አይደለም፣ ትሄዳለች ወይ ነው የምልህ?»

እዚህ ላይ ታዲዎስ ከተፈጥሮው ውጭ የሆነ ነገር ተናገረ። ደስታው ነው ያናገረው። «እሑድ በሩ ድረስ በእግሯ መጥታ ትቀበልሃለች» አለ። መስመሩ ተቆረጠ።

በዚያው ቅጽበት ወደ መጠለያው ሄዶ ሸራውን ገፈፈ። ሃያ ዓመት ያያት እንደ ታቦት ከላይ ከላይዋን ነው፤ አሁን ግን «ትሄዳለች ወይ?» በሚል ዓይን ሲያያት ቁልቁል አየ። ጎማዎቹ መሬት የነኩበት በኩል ጠፍጣፋ ሆኗል። ጎናቸው እንደ ባላገር ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ሲያስገባ ላስቲኩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። የብስክሌት መንፊያ ተውሶ ነፋስ ሊሞላ ቢሞክር አየሩ በአንድ በኩል ሲገባ በአሥር በኩል እየተንፏፏ ወጣ። የፊቶቹም ያው፣ የኋላዎቹም ያው።

ሰኞ ጠዋት ከመስቀል ፍላወር አቀበት ሥር የሚሠራውን ጎሚስታ፣ ወዳጆን፣ ይዞ መጣ። ወዳጆ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጎማ ለጥፎ ያደገ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ትራክተሯን አንዴ ዞራትና ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ጎማ አይደሉም» አለ። «የጎማ ፎቶ ናቸው።»

«መለጠፍ አይቻልም?»

«አየር ይለጠፋል እንዴ? የሚለጠፍበት ነገር ይኑር እንጂ።» የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ነካካ። «ግን በቃ፣ የሚገርመው ምን መሰለዎት፣ ጥርሱ ግማሽ አለ። መንገድ አልበላውም። ስንት ዓመት ቆማለች?»

«ሃያ።»

ወዳጆ ቀና ብሎ አየው። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የታዲዎስን ፊት አየና ተወው። «የቆመ ጎማ ከሚሽከረከረው ቀድሞ ይሞታል፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ማለቴ፣ ላስቲክ መተጣጠፍ አለበት። በወር አንዴ ከዚህ እስከ በሩ ወስደው ቢመልሷት ኖሮ...»

«ምያለሁ» አለ ታዲዎስ።

«ምን?»

«ምንም። ለእሑድ መሄድ አለባት።»

ለፊቶቹ መላ አልጠፋም። ወዳጆ የእጅ ጋሪ ጎማ አምጥቶ በዚያው ዕለት ገጠመላቸው። ችግሩ የኋላዎቹ ናቸው፤ ወፍራምና አጭር፣ የመኪናም ያልሆኑ፣ የባጃጅም ያልሆኑ። ታዲዎስ በጎናቸው የተጻፈውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ማክሰኞ ከለገሃር ታክሲ ይዞ መርካቶ ሄደ። ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች አዳረሰ።

«ይሄ የጎማ ቁጥር ነው የስልክ?» አለው አንዱ።

«የባጃጅ ውሰድ አባት፣ ያው ሦስት እግር ነው» አለው ሌላው።

«የእኔዋ አራት ናት።»

«ታዲያ አንድ ጨምርበታ።»

ረቡዕም ሄደ። ረቡዕ ዝናብ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ብቻ ወረቀቱን በመነጽራቸው አቅርበው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር እዚህ አገር ገብቶ አያውቅም፤ የገባው ከእቃው ጋራ ነው» አሉት። በመጣበት ታክሲ ተመለሰ። መስኮቱን ተደግፎ ሲሄድ የትራክተሯ ሞተር ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ጎይቶም በሩን ሲገባ እሱ መቀመጫው ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደሱ ሲሄድ ይታየዋል። ስቴዲየም ጋ ሲደርሱ ረዳቱ ትከሻውን ነካው። «ፋዘር፣ ወራጅ አለ ብለሃል እኮ።» ምንም አላለም ነበር፤ ግን ወረደና የቀረውን በእግሩ ሄደ።

ሐሙስ ማታ ላይ ወዳጆ እየሮጠ መጣ። ቃሊቲ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ፣ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ የምትነዳ የትንሽ መኪና ጎማ ሁለት አግኝቷል። ያገለገሉ ናቸው፤ ቁመታቸውም ከድሮዎቹ ጥቂት ያንሳል፤ ግን ቸርኬዋ ላይ፣ ጎማው በሚለብሰው ክብ ብረት ላይ፣ ልክክ ይላሉ። ዋጋውን ሲነግረው ታዲዎስ «ይሁን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላወጣም። ያን ሌሊት ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወዳጆ ክሪኩን ይዞ መጣ። ትራክተሯን ከኋላ አነሣት፣ ከወገቧ ሥር ሁለት ጥርብ ድንጋይ አስገባና ጎማዎቹን ፈታ። ፊቷ አዲስ ጫማ ያደረገች፣ ኋላዋ እግር የሌላት ሆነች። ወይዘሮ ወይኒ ደረጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ያያሉ።

«ሃያ ዓመት ልብስ ማስጫዬን ይዛብኝ፣ ዛሬ ደግሞ በድንጋይ ላይ ወጣችብኝ» አሉ። «ወዳጆ፣ እንደ ታቦት እንዳትቀድሳት ብቻ።»

«ለቅዳሜ ትሄዳለች እማማ። እኔ ራሴ አንድ ዙር አዞርዎታለሁ።»

አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው ማላቀቅ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ላስቲኩና ብረቱ ተጣብቀዋል። ወዳጆ በብረት ፈነቀለ፤ እንቢ አለ። ዘይት አፈሰሰበት፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ መጋዝ አምጥቶ ላስቲኩን እየቆራረጠ አወጣው። ዙሪያው በጥቁር ቁርጥራጭ ተሞላ። የቀረው ጠርዙ ላይ የተጣበቀው ቀለበት ነው። መዶሻውን አነሣና አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ መታው፤ ሦስተኛው ላይ ሌላ ድምፅ ተሰማ። የላስቲክም፣ የብረትም ያልሆነ፤ ሸክላ ሲነቃ የሚሰጠው ዓይነት። ወዳጆ መዶሻውን አስቀመጠ።

ቸርኬው ከጠርዙ እስከ መሀሉ ተሰንጥቋል። ከላይ ቀይ ቀለም፣ ከሥሩ ዝገት ብቻ።

«ውኃ ነው የበላው» አለ ወዳጆ ስንጥቁን እያየ። «በላስቲኩና በብረቱ መሀል ውኃ ተኝቶበታል። ማን ነው የሚያጥባት?»

ታዲዎስ እጆቹን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተ። ወይዘሮ ወይኒም የሚያውቁትን ሳይናገሩ በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

«ሁለተኛውን ተወው» አለ ታዲዎስ።

«በአንድ እግር አትሄድም ጋሼ። ቀስ አድርጌ ልሞክር።»

ቀስ አድርጎ ሞከረ። ሁለተኛው ያለ መዶሻ ተሰነጠቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ቸርኬ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ካዛንቺስ ወዳለ በያጅ ሄዱ። በያጁ ነገሪ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። አገላብጦ አየና «መብራት የለም» አለ። ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት። ወዳጆ ሱቁን ከፍቶ ስለመጣ ሄዶ ተመለሰ። ታዲዎስ ግን ከደጃፉ አልተነሣም። በላዩ ላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ የተደረደሩትን ወፎች ያያል። ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ «ጉዳዩ፦ እርዳታ ስለመጠየቅ» ብሎ ስንቱን ጀምሮ ጨርሷል። ለዚህ ግን ለማን ይጻፋል? ማንስ ነው በኃላፊነት ያለው? ውኃው? ጊዜው? እሱ ራሱ?

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ነገሪ ጭንብሉን አጠለቀና የብየዳውን ጫፍ ስንጥቁ ላይ አስቀመጠ። ብልጭ አለ። ጭሱ ሲገለጥ ስንጥቁ የነበረበት ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሞከረ፤ እዚያም ቀዳዳ። ጭንብሉን አወለቀ።

«ብረት አይደለም» አለ። «ወረቀት ሆኗል። የሚይዝልኝ ነገር የለም።»

«ሌላ ብረት ደርበህ?»

«ከምኑ ጋ ላያይዘው?»

ወዳጆ ከረጢቱን ተሸክሞ ከኋላ፣ ታዲዎስ ከፊት ሆነው ቁልቁል ወረዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወዳጆ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሰበርኳት። ጥፋቱ የኔ ነው በሏቸው» አለ።

«አንተማ አንድ ቀን ነው የነካሃት» አለ ታዲዎስ።

ማታውን ቁጭ ብሎ ንግግር አዘጋጀ። በሩ ድረስ ትመጣለች ብሎ ነበር፤ እሱ ቀርቷል። ግን ዋናው እሱ አይደለም፤ ዋናው አደራው ነው። «አንድ ሜትር አልነዳኋትም። ወይዘሮ ወይኒን ጠይቅ። ጎማው ያለቀው በመቆም ነው፤ ጥርሱን አይተህ መፍረድ ትችላለህ» ይለዋል። ከዚያ ጥርሱ ተቆራርጦ ማዳበሪያ ውስጥ መግባቱ ትዝ አለው። ቢሆንም ቃሉ አለ። ጎይቶም ቃሉን ያምናል።

እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ወረደ። ታዲዎስ መጀመሪያ አላወቀውም፤ ያወቀው ሲራመድ ነው። ጎይቶም ድሮም ቀኝ እግሩን ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ጫን አድርጎ ነበር የሚራመደው። ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ለረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ልቀቀው አንተ፣ አጥንት ብቻ ነው የቀረው፣ ትሰብረዋለህ» አሉ ወይዘሮ ወይኒ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ጎይቶም ወደ ኋላው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ግቢው ተመለከተ። «የታለች?»

«መጀመሪያ ግባና አረፍ በል።»

«የታለች፣ ታዲ?»

ወደ መጠለያው ሄዱ። ሸራ አልነበረባትም። ቀይ ቀለሟ ያበራል፤ ፊቷ በጋሪ ጎማ ላይ፣ ኋላዋ በሁለት ድንጋይ ላይ። ግድግዳው ሥር ሁለቱ የተሰነጠቁ ቸርኬዎች ተደግፈዋል፤ ከጎናቸው የቃሊቲዎቹ ጎማዎች፣ ከነሱ አልፎ ቁርጥራጭ ላስቲክ የሞላበት ከረጢት። ታዲዎስ ንግግሩን ጀመረ።

«ጎይቶም፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔ ይቺን...»

ጎይቶም እጁን አንሥቶ አስቆመው። ጎንበስ ብሎ አንዱን ቸርኬ አነሣ። ጣቱን በስንጥቁ ላይ ከላይ ወደ ታች ወሰደው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለታዲዎስ የሚያለቅስ መሰለው። ቀና ሲል ግን ጥርስ የሌለው አፉ እየሳቀ ነው።

«ቸርኬዋ እስኪሰነጠቅ ነዳሃት?»

ታዲዎስ ዓይኑን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

«እኔ ኮ አውቅህ የለ፣ ይሉኝታህን» አለ ጎይቶም ቸርኬውን ደረቱ ላይ አቅፎ። «ያን ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ቤቴ አይደለም። ይሄ ሰውዬ አይነዳትም፣ ሸራ አልብሶ ያቆማታል፣ ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ እሱ ነው ያበሸቀኝ። ኋላ ከሥራ ቀነሱት ሲሉ በሰው በሰው ሰማሁ። እንግዲህ አልኩ፣ ሲርበው ይነዳታል። እዚያ እኔ አንድም ነገር አልቀናኝም፣ ታዲ። ሱቅ ሞከርኩ፣ ወደቀ። ሚስትም አገባሁ፣ ሞተች። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ስተኛ ዓይኔን እጨፍንና፣ ይኸኔ ታዲ ሣር ሣር እየሸተተ ከአቶ አታክልቲ ግቢ እየወጣ ነው፣ እላለሁ። ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ወይዘሮ ወይኒ መጠለያው አፍ ላይ ቆመው ነበር። ታዲዎስ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ሃያ ዓመት የሚያውቁትን፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱ የሚያበቃውን ነገር አፋቸው ላይ ይዘው ጥቂት ቆሙ።

«ወጡ እንዳያርብኝ» አሉና ሄዱ።

«የአቶ አታክልቲን ግቢ አሁንም ታጭዳለህ?» አለ ጎይቶም።

የአቶ አታክልቲ ግቢ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፈርሶ አሥራ ሁለት ፎቅ ቆሞበታል። ታዲዎስ በየቀኑ በሥሩ ያልፋል። አፉን ከፈተ። ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረው ንግግር ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ አንድ ሜትር አልነዳኋትም፣ ወይዘሮ ወይኒን ጠይቅ፣ ኡራኤል ምስክሬ ነው። ጎይቶም ቸርኬውን እንዳቀፈ ይጠብቃል።

«እስኪፈርስ ድረስ አጭጄዋለሁ» አለ ታዲዎስ።

«በየሁለት ሳምንቱ?»

«በየሁለት ሳምንቱ።»

«ከጽዶቹ ሥር ያስቸግራል፣ አይደል?»

«ያስቸግራል። ሥሩ ቢላዋውን ይነካል።» ይህን ድሮ ጎይቶም ራሱ ራት ላይ የነገረው ነው።

«ይነካል፣ ይነካል» አለ ጎይቶም እየሳቀ። ቸርኬውን በጥንቃቄ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና የታዲዎስን ትከሻ ይዞ መቀመጫው ላይ ወጣ። ዛሬ ሃያ ሁለት ነው። ታዲዎስ ከአንገቱ ቁልፉን አውልቆ ሰጠው። ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሣ። ጎይቶም እንደ ልማዱ ማርሽ አስገባ። ቸርኬዎቹ ይታሰሩባቸው የነበሩት ሁለት ብረቶች በአየር ላይ መዞር ጀመሩ፤ ትራክተሯ በድንጋዮቹ ላይ ትርገፈገፋለች፤ አንዲት ስንዝር አትሄድም። ጎይቶም መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት፣ ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ይመለከታል።

«ከዚያስ?» አለ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ። «ከአታክልቲ ቀጥሎ ወዴት ትሄድ ነበር?»

ታዲዎስ እጁን በሞቀው ቀይ ቆርቆሮዋ ላይ አስደገፈ። «ወደ መስቀል ፍላወር» አለ። «አንድ ሆቴል ነበር። አትክልተኛው ልዑልቃል የሚባል ጥሩ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ነበርኩ።»

«በየት በኩል? በአቀበቱ?»

«በአቀበቱ። ታክሲዎቹ ክላክስ ይነፉብኛል።»

«ይንፉ!»

«ልጆቹ ይከተሉኛል...»

የኡራኤል ደወል ተሰማ። ሩብ ሰዓቱ አልፏል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ታዲዎስ ሞተሩን አጥፍቶ የውኃውን ባልዲ ያነሣ ነበር። ጎይቶም ግን ጆሮውን ወደሱ አዘንብሎ «ከዚያስ?» ይለዋል፤ እሱም ማቆሚያውን ስላጣው ይቀጥላል።